ፈቃድ እስኪወጣ በጎጃም ቀበሌ መሥራት፦ ውጭ አገር ሕክምና ለተማሩ የደረጃ በደረጃ መመሪያ

ይህ መመሪያ ቻይና፣ ሩሲያ፣ ዩክሬን፣ ኩባ፣ ሱዳን ወይም ሌላ አገር ሕክምና ተምራችሁ ለተመለሳችሁ፣ የሙያ ፈቃዳችሁ ግን ገና በእጃችሁ ላልገባ ነው። ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ በማህበረሰብ ጤና መሥራት ይቻላል፤ ሥራውም ሞልቷል። ችግሩ ብዙ ሙከራ ገና በጅምሩ መክሸፉ ነው። የሚከሽፈውም በእውቀት ማነስ አይደለም። ልጆቹ ቀበሌ የሚገቡት ሐኪም ሆነው ስለሆነ ነው። ሰው ይሰለፋል፤ እነሱም ማየት ይጀምራሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በገዛ ጤና ኬላዋ እንግዳ ትሆናለች። ጤና ጣቢያው ያኮርፋል፤ ወረዳው "ፈቃድህ የታለ?" ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ልጅ ማንም አያስገባም።

መለኪያችሁ አንድ ይሁን፦ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሰው በኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ላይ ያለው እምነት ከበፊቱ ጨምሯል ወይስ ቀንሷል? ከታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ ለዚህ ነው። ደረጃ አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ መስመሩን ለዩ

ያለ ሙያ ፈቃድ የሕክምና አገልግሎት መስጠት በሕግ ያስጠይቃል። "በነፃ ነው የማየው" ማለት አያድንም፤ "ዘመድ ነው" ማለትም አያድንም። የሚከተሉትን አታድርጉ፦

- በሽታ መለየት፣ መድኃኒት ማዘዝ፣ መርፌ መውጋት፣ መስፋት፣ ማዋለድ።
- የላቦራቶሪ ወይም የራጅ ውጤት አንብባችሁ ለታካሚው መተርጎም።
- ሌላ ባለሙያ ያዘዘውን መድኃኒት "ተወው" ወይም "ቀይረው" ማለት። ብዙዎች ሳያስቡት የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው፤ ምክር እንጂ ሕክምና አይመስላቸውም።
- ጋዋን መልበስ፣ ስቴትስኮፕ አንገት ላይ ማንጠልጠል፣ የሐኪም ማህተም ማስቀረጽ።

መሥራት የምትችሉት የሚከተለውን ነው፦ የጤና ትምህርት፣ ለኤክስቴንሽን ሠራተኞች የማጠናከሪያ ልምምድ፣ የመረጃ ጥራት ሥራ፣ ክትባት ያቋረጡ ሕጻናትንና የእርግዝና ክትትል ያቆሙ እናቶችን ቤት ለቤት መፈለግ፣ ሪፈር የተባለ ሰው መድረሱንና መመለሱን መከታተል፣ የወረርሽኝ ቅኝትን ማገዝ፣ ጽሑፎችን ሕዝቡ በሚናገረው አማርኛ ማዘጋጀት። ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ከሆናችሁ፣ ለምሳሌ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር ወይም እንጅባራ፣ በማህበረሰብ ጤና ጥናት ረዳት ሆኖ መሥራትም አለ።

ደረጃ 2፦ የፈቃዱን ጉዳይ ጎን ለጎን አስኪዱ

የቀበሌው ሥራ ጥሟችሁ የራሳችሁን ወረቀት አትርሱ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ዲግሪና ትራንስክሪፕት በተማራችሁበት አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይረጋገጥ።
2. አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ።
3. ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት (ዲግሪው ከአገር ውስጡ ጋር እኩል መሆኑ የሚታይበት) ማመልከቻ ይግባ።
4. የሙያ ብቃት ምዘና ፈተናውንና ምዝገባውን በጤና ሚኒስቴር በኩል ተከታተሉ። የኢንተርንሽፕ ማስረጃችሁን ለብቻው ያዙ፤ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ።

*ቢበላሽስ?* ዩክሬን ወይም ሱዳን የተማራችሁ ከሆነ፣ የዩክሬኑ ጦርነት በየካቲት 2014 ዓ.ም.፣ የሱዳኑ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሳ ወዲህ ወረቀት ማስመጣት ከባድ ሆኗል። ዋናውን ማስረጃ ለማንም አታስረክቡ፤ የተረጋገጠ ቅጂ ስጡ። ለዩኒቨርሲቲያችሁ የላካችሁትን ኢሜይልና የተመለሰላችሁን መልስ ሁሉ አትማችሁ ያዙ። "ጠይቄ ነበር" ከማለት "በዚህ ቀን ጠይቄ ይኸው" ማለት ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ወረዳና ሥራ ምረጡ

ጎጃምን እንደ አንድ ቦታ አትመልከቱት። ደጋው፣ ወይና ደጋውና ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ቆላ የየራሳቸው ሕመም አላቸው። ቆላውና የቡሬ፣ የፍኖተ ሰላም ዙሪያ ወባ ያስቸግረዋል፤ ወባው የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ቀይ አፈር ባለበት ከፍታ፣ በተለይ በምሥራቅ ጎጃም፣ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት በየቀበሌው አለ። ትራኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም በአማራ ክልል በአጠቃላይ ሥር የሰደደ ነው።

የምትመርጡት *አንድ* ሥራ ይሁን። አንድ ጤና ኬላ ላይ የሚመደቡት ብዙውን ጊዜ ሁለት ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ እስከ 5,000 ሰው ያያሉ። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 የነበሩት ፓኬጆች፣ ማለትም የሥራ ዘርፎች፣ ዛሬ 18 ደርሰዋል። ሁለት ሴቶች፣ 18 ፓኬጅ፣ ይህን ሁሉ ጎጥ በእግር! በዚህ ላይ አዲስ ቅጽና አዲስ ስብሰባ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሸክም እንጂ እገዛ አትሆኑም። "ከሥራችሁ የትኛው ነው የሚከብዳችሁ?" ብላችሁ ጠይቁና የሚከብዳቸውን አንዱን አንሱላቸው።

የተወለዳችሁበት ቀበሌ ባይሆን ይመረጣል። ዘመድ በበዛበት ቦታ ደረጃ 1 ላይ ያለውን መስመር መጠበቅ በጣም ይከብዳል፤ ለአክስት "አላይሽም" ማለት ቀላል አይደለም።

ደረጃ 4፦ በበሩ ግቡ

የመግቢያው ሰንሰለት ይህ ነው፦ ዞን ጤና መምሪያ፣ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ቀበሌ አስተዳደር፣ ጤና ኬላ። ከላይ ወደ ታች ሂዱ። ከታች የጀመረ ሰው፣ ላይ ሲደርስ "ማን ፈቅዶልህ ገባህ?" ይባላል።

1. ለዞኑ ወይም ለወረዳው የአንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፉ። ምን እንደተማራችሁ፣ ፈቃድ *እንደሌላችሁ*፣ ለምን ያህል ጊዜ ምን እንደምትሠሩ በግልጽ ይስፈር። ፈቃድ አለመኖሩን አትደብቁ፤ የሚያስከብራችሁ እሱን በራሳችሁ ቃል መጻፋችሁ ነው።
2. ከወረዳው የትብብር ደብዳቤ ተቀበሉ። ደብዳቤው ላይ "ዶክተር እገሌ" ተብሎ ከተጻፈ እንዲስተካከል ጠይቁ። "የማህበረሰብ ጤና ድጋፍ ሰጪ" ወይም "በጎ ፈቃደኛ" ይባል። ማዕረጉ ደብዳቤው ላይ ከቀረ ጤና ጣቢያው ሰው ሲጎድለው ተረኛ አድርጎ ሊያሰልፋችሁ ይችላል፤ እናንተም እምቢ ለማለት ወረቀት ያጥራችኋል።
3. የሥራ ዝርዝር አስጽፉ፤ የምትሠሩትም የማትሠሩትም ይኑርበት። ተቆጣጣሪያችሁ ማን እንደሆነ በስም ይጠቀስ። ብዙ ጊዜ ኬላዎቹን የሚደግፈው የጤና ጣቢያው ባለሙያ ይሆናል።
4. አበልና ትራንስፖርት ካለ ማን እንደሚከፍል ከመጀመሪያው ይጻፍ፤ ከሌለም "የለም" ተብሎ ይጻፍ።
5. ጤና ጣቢያው ኃላፊ ዘንድ ስትሄዱ ደብዳቤውን አስቀድማችሁ አትዘርጉ። መጀመሪያ ስለ ሥራው ጠይቁ። አንድ ጤና ጣቢያ አምስት ያህል ኬላዎችን ይመራል፤ ኃላፊው የየትኛው ኬላ እናቶች እንደራቁ፣ የትኛዋ ሠራተኛ ብቻዋን እንደቀረች ያውቃል። ቀበሌውን እሱ ይምረጥላችሁ።

*የጸጥታው ነገር፦* ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት መንገዱን ከወረዳውና ከቀበሌው ሰው አጣሩ፤ በከተማ ወሬ ብቻ አትነሱ። ስልክና ኢንተርኔት እንደማይሠራ አድርጋችሁ ተዘጋጁ፤ መመሪያና ቅጽ በወረቀት ያዙ። ሰው "ዛሬ አትሂዱ" ካላችሁ አትሂዱ፤ ምክንያቱን አጥብቃችሁ አትጠይቁ።

*ቢበላሽስ?* ወረዳው "አናውቀውም፣ እንዲህ ያለ አሠራር የለም" ካለ አትከራከሩ። ለተወሰነ ዘመቻ ጠይቁ፦ የአጎበር ስርጭት፣ የትራኮማ መድኃኒት እደላ ወይም የክትባት ዘመቻ። በዘመቻ ወቅት እጅ ስለሚያጥር በር ይከፈታል። ዘመቻው ላይ ያዩዋችሁ ሰዎች ቀጣዩን ደብዳቤ ራሳቸው ይጽፉላችኋል።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ተከተሉ፣ አታስተምሩ

ይህን ደረጃ ትዕግሥት የሌላቸው ይዘሉታል፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው ግን በእሱ ላይ ነው።

ከኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤት ለቤት ሂዱ። ማስታወሻ ደብተር ያዙ፤ ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ አታንሱ። የቤተሰብ ፎልደሩን (የእያንዳንዱ ቤት የጤና መረጃ የሚመዘገብበትን) እንዴት እንደምትሞላ፣ የትኛውን ዓምድ እንደምትዘለውና ለምን እንደምትዘለው ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የተዘለለው ዓምድ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ጥያቄው በቤቱ ውስጥ በአባወራው ፊት የማይጠየቅ ስለሆነ ነው።

ሰው ሕመሙን በምን ስም እንደሚጠራው ጻፉ። ምች፣ የወፍ በሽታ፣ ግርሻ፣ ቡዳ፣ ቁርጥማት። እነዚህን ቃላት እንደ ድንቁርና አትስሟቸው። "ምች መታኝ" የሚል ሰው ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የከንፈር ቁስል እየነገራችሁ ይሆናል፤ ዝሆኔ ያለበት ሰው ከሆነ ደግሞ የእግሩ መቆጣትና ማተኮስ ሊሆን ይችላል። የኋለኛው ቶሎ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ቃሉን ያልያዘ ሰው ምልክቱን አይሰማም።

ቀኑን እወቁ። በ12፣ በ21፣ በ27 ብዙ ገበሬ ሞፈር አይጨብጥም፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይገኛል። በዐቢይ ጾም ቅዳሴው ከሰዓት ስለሚወጣ ጠዋት የጠራችሁት ስብሰባ ባዶ ይሆናል። የገበያ ቀን እናቶች ኬላ የሚያልፉበት ቀን ነው፤ ያን ቀን ለስልጠና ብላችሁ ኬላውን አታዘጉ። በአረምና በአጨዳ ወቅት የአንድ ሰዓት ትምህርት አታስቡ፤ ማሳው ዳር አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ቄሶችን፣ የእድር ዳኛውንና የሴቶች ልማት ቡድን መሪዎችን በዚህ ጊዜ ተዋወቁ። መተዋወቁ ከኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ይሁን፤ ንግግሩን እሷ ትጀምር።

ደረጃ 6፦ "ዶክተር መጣ" የሚለውን ወሬ ያዙት

ወሬው ይመጣል፤ አትጠራጠሩ። ጠዋት ኬላው በር ላይ ከወትሮው የበዛ ሰው ቆሞ ታገኛላችሁ። ከመካከላቸው አንድ አዛውንት ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን ገልጠው እግራቸውን ያሳያሉ፦ "ልጄ፣ ባሕር ማዶ ተምረህ መጥተህ ይቺን አንዲት እግር አታይልኝም?" ለዚህ ጥያቄ ያልተዘጋጀ ሰው እዚያው ጎንበስ ይላል። በማግስቱ ሰልፉ እጥፍ ይሆናል።

የምትሉትን አስቀድማችሁ አጥኑት። ይህ ይሠራል፦ "አባቴ፣ ትምህርቱን ተምሬያለሁ። እዚህ የመጣሁት ግን ሲስተርን ላግዝ ነው። ሕመምዎን ለእሷ ይንገሯት፤ እኔ አብሬያችሁ እቀመጣለሁ።" ሦስት ነገር አለው፦ አይዋሽም፣ ሰውየውን አይመልስም፣ ክብሩን ለእሷ ይሰጣል። ከዚያም *በእርግጥ* አብራችሁ ተቀመጡ። ጥግ ያለውን ወንበር ያዙ፤ ጠረጴዛው የእሷ ነው። ስትጠይቅ አታቋርጧት።

የምታውቁትን ነገር ሳትጠይቅ ካለፈችስ? በሰው ፊት አታርሟት። በዝግታ "ሲስተር፣ ስለ ትኩሳቱ ጠይቀሻቸዋል?" የሚል ጥያቄ ከበቂ በላይ ነው። ቀሪውን ሰው ከወጣ በኋላ ተነጋገሩ።

ስጦታ ይመጣል፤ እንቁላል፣ ማር፣ አንዳንዴም ዶሮ። መመለስ ያስቀይማል፤ መቀበል ደግሞ ክፍያ ይመስላል። መንገዱ ይህ ነው፦ "ለእናቶች ማቆያ ይሁንልኝ" ብላችሁ በሰውየው ፊት ለኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አስረክቡ። ጤና ጣቢያ መውለጃቸውን ለሚጠብቁ እናቶች ይድረስ።

*ቢበላሽስ?* ሰልፉ ከጀመረ፣ ወይም ማታ ቤታችሁ ድረስ ሰው መምጣት ከጀመረ፣ ሦስት ነገር በዚያው ሳምንት አድርጉ። ለተቆጣጣሪያችሁ ንገሩ፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ። ቀጥሎ በበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ሊቀ መንበር ወይም አንድ ካህን ሥራችሁን ለሕዝቡ እንዲያስረዳ ለምኑ፤ ከእናንተ አፍ ሲወጣ ትሕትና ብቻ ስለሚመስል አይታመንም። ከዚያም ለጥቂት ቀናት ከኬላው ራቁና በጎጥ ሥራ ላይ ቆዩ።

ደረጃ 7፦ አንዱን ሥራ ከዳር አድርሱ፤ የዝሆኔ እግር እንክብካቤ ምሳሌ

ለምሥራቅ ጎጃም ደጋ ይህን እመክራለሁ። ዝሆኔ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ፣ በዘር የተጋላጭነት ዝንባሌ ያለው ሕመም ነው። *አይተላለፍም*። ሆኖም ሰው ከድግስ ይገለላል፤ ልጆቹ ለጋብቻ ይታጫሉ ሲባል ወሬው ይቋረጣል። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ቀላል የእግር እንክብካቤ አጣዳፊውን የእግር መቆጣት እንደሚቀንስ አሳይቷል። በውሃ፣ በሳሙናና በጫማ የሚሠራ፣ ሐኪም የማይፈልግ ሥራ ነው፤ ስለዚህም ለእናንተ ይስማማል።

ከመጀመራችሁ በፊት። እብጠቱ ዝሆኔ መሆኑን የሚወስነው ጤና ጣቢያው ነው። የልብ ሕመም፣ ሥጋ ደዌና በቆላ ደግሞ ሌላ ዓይነት የእግር እብጠት ዝሆኔን ሊመስል ይችላል። እናንተ አይታችሁ "ይሄማ ግልጽ ነው" አትበሉ፤ ሪፈሩን ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትጻፍ፤ የእናንተ ድርሻ ሰውየው መድረሱን ማረጋገጥ ይሁን።

የሚያስፈልገው። ሰፊ ሳፋ፣ የ5 ሊትር ጀሪካን፣ የ1 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ተራ የገላ ሳሙና፣ 5 በመቶ የሆነ በረኪና፣ 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የሽሮፕ ማንኪያ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ቫዝሊን፣ ካልሲና የማይጠብ ጫማ። ያመጣችሁትን ዕቃ አትስጡ፤ ቤቱ ውስጥ ባለው ዕቃ አሳዩ። እናንተ ባመጣችሁት ሳፋ የተማረ ሰው ሳፋው ሲሄድ ያቆማል።

ቅደም ተከተሉ።

1. እግሩን በውሃና በሳሙና እጠቡ በሏቸው። የእጥፋቶቹ ውስጥና የጣቶቹ መካከል ዋናው ነው፤ አፈሩ የሚቀረው እዚያ ነው። የሚያጥበው ራሱ ባለቤቱ ወይም የቤቱ ሰው ይሁን።
2. በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ።
3. ሳፋው ውስጥ ጀሪካኑንና ጠርሙሱን ገልብጡ፤ 6 ሊትር ይሆናል። በረኪና በሽሮፕ ማንኪያው 3 ጊዜ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። *በዓይን ግምት አታፍስሱ።* በረኪናው ላይ መጠኑ ካልተጻፈ አትጠቀሙበት።
4. እግሩ 15 ደቂቃ ያህል ይዘፍዘፍ። ይህ ጊዜ ለወሬ ይመቻል። ለቤተሰቡ "አይተላለፍም" የሚለውን የምትነግሩት አሁን ነው፤ ስትነግሩም አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ይሁን። ራቅ ብሎ ቆሞ "አይተላለፍም" የሚልን ማንም አያምነውም።
5. በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ፤ ሳይፈትጉ፣ እየነኩ። በጣቶች መካከል እርጥበት አይቅር።
6. ቫዝሊን በስሱ ይቀባ፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀባ።
7. ካልሲና ጫማ ያድርጉ። ሲቀመጡ እግር ከፍ ይበል፤ ሌሊትም ከሥሩ ነገር ይደረግ።
8. በየቀኑ ይደገም።

*ቢበላሽስ?* እግሩ ከቀላ፣ ካተኮሰ፣ ካመመ ወይም ሰውየው ትኩሳት ከያዘው እጥበቱን የምታስተምሩበት ቀን አይደለም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቆዳው ካቃጠለ በረኪናው በዝቷል ማለት ነው፤ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብና ልኬቱን ከቤቱ ሰው ጋር እንደገና ሥሩ። ጫማ የሚገባለት ከጠፋ የአካባቢ ጫማ ሰፊ በልክ እንዲሠራ ከእድሩ ጋር ተነጋገሩ። ውሃ የራቀበት ቤት ከሆነ ደግሞ ጥያቄው "በየቀኑ ለምን አልታጠብክም?" ሳይሆን "ውሃ የምትቀዳው ማን ናት?" ነው። የ12 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቀርታ የምትቀዳ ከሆነ ዘዴውን ከቤተሰቡ ጋር ቀይሩ።

ጸበል የሚሄዱ ይኖራሉ። አትቃወሙ። "ጸበሉንም ይጠመቁ፣ ሲመለሱ እግርዎን አድርቀው ጫማ ያድርጉ" ብሎ መናገር በቂ ነው፤ ካህኑ ራሳቸው እንዲናገሩት ብታደርጉ ደግሞ ከእናንተ ንግግር ሁሉ ይበልጣል።

ደረጃ 8፦ ከኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ልምምድ

በሳምንት አንድ ሰዓት፣ እነሱ በመረጡት ቀን። ስላይድ የለም፣ ንግግር የለም። በእጃቸው ካለው የአገሪቱ ቻርት ቡክሌት (የሕጻናት ሕመም መመሪያ መጽሐፍ) አንድ ገጽ ክፈቱና ተለማመዱ።

ከተማራችሁበት አገር መመሪያ አታምጡ። የክትባት መርሐ ግብሩ እንኳ ሊለያይ ይችላል፤ እዚህ ቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) ሲወለድ፣ ፔንታ (አምስት በሽታ የሚከላከለው) በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ኩፍኝ በ9 እና በ15 ወር ነው። ለእናት የተለየ ቀን ብትነግሩ ኬላው እንደዋሻት ትቆጥራለች።

ለመጀመር የሕጻን ትንፋሽ መቁጠርን ምረጡ። ሕጻኑ እየጠባ ወይም እያለቀሰ አይቆጠርም፤ እስኪረጋ ጠብቁ። ልብሱን እናቱ ገለጥ ታድርግ። ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠር። ሆስፒታል የለመዳችሁትን 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት እዚህ አታስተምሩ፤ በሕጻን ላይ ያሳስታል። ከ2 ወር እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ሁለቱ ሠራተኞች ያንኑ ሕጻን ለየብቻ ይቁጠሩና ያነጻጽሩ። ልዩነት ሲመጣ ማን እንደተሳሳተ አትፍረዱ፤ ሦስተኛ ጊዜ ይቆጠር።

ቀጥሎ የሕጻናት የምግብ እጥረት የሚለይበት የላይኛው ክንድ መለኪያ ይሁን። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ (ከባድ)፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ (መካከለኛ)። ስህተቱ የሚመጣው ቴፑን ከማጥበቅ ነው፤ ቆዳውን ካጎደጎደ ጠብቋል።

*ቢበላሽስ?* ከሁለቱ አንዷ ካልመጣች "ለምን ቀረሽ?" አትበሉ። ምናልባት ሪፖርት ደርሶባታል፤ የዚያን ሳምንት ሰዓት ሪፖርቱን አብሮ በመደመር አሳልፉት።

ደረጃ 9፦ ድንገተኛ ሲመጣ

የመጀመሪያ እርዳታ ማንኛውም ሰው የሚያደርገው ነው፤ ከዚያ አትለፉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የወረዳውን አምቡላንስ ስልክ፣ ኔትወርክ የሚይዝበትን ቦታና ቃሬዛ ያለበትን ቤት እወቁ።

- *ውሻ ነከሰ፦* ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቡ። አታስሩት፣ ቅጠልም አይደረግበት። ከዚያ ለክትባት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ውሻው የጎረቤት ቢሆንም "ጤነኛ ነው" ተብሎ አይታለፍም።
- *እናት ወልዳ ደም በዛ፦* ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጥሩ፤ አምቡላንስ ይጠራ፣ ቃሬዛው ይነሳ። ሦስቱም በአንዴ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ። እናትየውን አልብሱ፤ ሕጻኑ በደረቷ ላይ ይሁን። መርፌ ቢኖራችሁም አትንኩ።
- *ያልተለመደ ነገር ካያችሁ፣* ለምሳሌ በአንድ ጎጥ ብዙ ሰው ውሃ የመሰለ ተቅማጥ፣ ሽፍታ ያለባቸው ሕጻናት ወይም በድንገት እግሩ የሰነፈ ልጅ፦ ለሠራተኛዋ በዚያው ሰዓት ንገሩ፤ እሷ ለጤና ጣቢያው ታሳውቅ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትጻፉ።

ነገሩ ካለፈ በኋላ ያደረጋችሁትን በሰዓት ጽፋችሁ ለተቆጣጣሪያችሁ ስጡ፤ ማንም ባይጠይቃችሁም።

ደረጃ 10፦ ሪፖርትና ርክክብ

በወር አንድ ገጽ ለጤና ጣቢያው፣ ግልባጭ ለወረዳው። የተሠራው፣ ያልተሠራው፣ ምክንያቱ። የሰው ስምና ሕመም በስልካችሁ አይቀመጥ፤ መዝገቡ የኬላው ነው። መረጃውን ለጥናት መጠቀም ካሰባችሁ ከመሰብሰባችሁ *በፊት* የዩኒቨርሲቲ ወይም የክልሉ ጤና ኢንስቲትዩት የሥነ ምግባር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከተሰበሰበ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ የለም።

ከመውጣታችሁ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ሥራውን ማስረከብ ጀምሩ። ስትወጡ በኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እጅ መቅረት ያለባቸው እነዚህ ናቸው፦ በእሷ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ የቤቶች ዝርዝር፣ ሪፈር ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች ስም፣ የጫማ ሰፊውና የእድር ዳኛው ስልክ፣ የልምምዱ ገጾች ቅጂ።

ፈቃዳችሁ እዚያው እያላችሁ ከወጣ በማግስቱ ማከም አትጀምሩ። ፈቃዱን ለወረዳው አሳዩ፤ የድጋፍ ሰጪነቱ ደብዳቤ በይፋ ይዘጋ፤ ቅጥር ወይም ምደባ ይጻፍ፤ የሥራ ዝርዝሩ ይቀየር። ይህ እስኪያልቅ ኬላው ውስጥ ወንበራችሁ ያው ጥግ ላይ ያለው ነው።